«ኦፐሬሽን፦ ዱምስዴይ»፦ ይህ ሻካራ አልበም ለምን አይጠገብም?

ጥያቄ፤ ከ«የሌሊት አድማጭ»

የተከበራችሁ የሂፕ ሆፕ ወዳጆች፣

ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ ያቀርብ የነበረው ራፐር ኤም ኤፍ ዱም ለብቻው የሠራውን የመጀመሪያ አልበም፣ «ኦፐሬሽን፦ ዱምስዴይ»ን፣ ሰሞኑን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ እያዳመጥሁ ስለሆነ፣ ከእኔ ቀድማችሁ የምታውቁትን ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ወደድሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ከኋለኛው ተነሥቼ ነው። አስቀድሜ የማውቀው ዱም ከአቀናባሪው ከማድሊብ ጋር በ2004 ያወጣውን «ማድቪላኒ»ን ነበር፤ ያኛው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ማረከኝ። በ1999 የወጣው ይህኛው ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠኝም። ድምፁ የታፈነ ነው። ከበሮው አንዳንድ ቦታ ከዜማው በላይ ይጮኻል፤ የራፐሩ ድምፅ ደግሞ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ስንሻገር ስለሚለዋወጥ፣ ሁሉም በአንድ ስቱዲዮና በአንድ ወቅት የተቀረጸ አይመስልም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እያንዳንዱን ድምፅ አጥርተውና አሽሞንሙነው በሚያወጡበት ዘመን እንዲህ ያለ ቅጂ ለሕዝብ መቅረቡ ያስገርማል።

እንዲያም ሆኖ አልለቀኝም። በተለይ «ዱምስዴይ» የተባለው ዘፈን ሲጀምር የሚሰማው የሴት ድምፅና የፒያኖው ቅላጼ፣ ሥራ ላይ ሆኜ እንኳ በጆሮዬ ውስጥ ይመላለሳል። ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህን አልበም ለብዙ ዓመታት ስታደምጡት የኖራችሁ ሰዎች የምትወዱት በምኑ ነው? ሻካራነቱ ራሱ የውበቱ አካል ነው? ወይስ ከበስተኋላው ያለውን አሳዛኝ ታሪክ ስለምናውቅ ጉድለቱን በርኅራኄ እያለፍንለት ነው? የአድናቆት ቃል ብቻ ሳይሆን፣ በዚህ ዘፈን በዚህ ቦታ እንዲህ የሚል ነገር ስሙ ብላችሁ ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፤ ከ«ሸክላ ሰብሳቢ»

ጠያቂያችን በትክክል ሰምተዋል። ዘፈኖቹ በአንድ ወቅት አልተቀረጹም። «ዴድ ቤንት»፣ «ጋስ ድሮልስ» እና «ሄይ!» በ1997 በአንድ ነጠላ ሸክላ ላይ ወጥተው ነበር፤ ከዚያም ሌሎች ነጠላ ሸክላዎች እስከ 1998 ተከታትለዋል። አልበሙ እነዚህን ሰብስቦና አዳዲሶቹን ጨምሮ የተዋቀረ በመሆኑ፣ ከዘፈን ወደ ዘፈን የሚሰማው የድምፅ ልዩነት የሁለት ዓመት ገደማ ጉዞ ምልክት ነው። ያሳተመው ፎንድል ኤም የተባለው የቦቢቶ ጋርሲያ አነስተኛ አሳታሚ ነበር። ቦቢቶ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያ ከስትሬች አርምስትሮንግ ጋር ሌሊት ሌሊት ያቀርበው የነበረው ፕሮግራም፣ ኩባንያ ያልፈረመላቸው ራፐሮች የሚሰሙበት ዋና መድረክ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ከእንዲህ ያለ አሳታሚ የሚወጣ ሥራ በትልቅ ገንዘብ የሚሠራ ሚክሲንግና ማስተሪንግ (የድምፅ ማመጣጠንና ማጥራት ሥራ) ሊኖረው አይችልም ነበር።

ነገር ግን የገንዘብ እጥረት ብቻውን ይህን አልበም አይፈጥርም። በዚያ ዘመን ከእጥረት የተነሣ ሻካራ የሆኑ ብዙ ቅጂዎች ወጥተዋል፤ አብዛኞቹን ዛሬ የሚያነሣቸው የለም። ዱምን የሚለየው ምን ሳምፕል ማድረግ፣ ማለትም ከየትኛው የቀድሞ ቅጂ ቁራጭ ወስዶ መጠቀም፣ እንዳለበት የወሰነበት መንገድ ነው። ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠሩት የወቅቱ የአንደርግራውንድ አቀናባሪዎች ክብራቸው ማንም የማያውቀውን የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የጃዝና የሶል ሸክላ ቆፍሮ በማውጣት ላይ የተመሠረተ ነበር። ከታወቀ ዘፈን ረጅም ቁራጭ መውሰድ እንደ ስንፍና ይቆጠር ነበር፤ ያን የሚያደርጉት ለሬዲዮ የሚሠሩት ናቸው ይባል ነበር። ዱም ይህን ሕግ ጣሰው። «ዱምስዴይ» የተሠራው በሻዴ የ1992 «ኪስ ኦቭ ላይፍ» ላይ ነው። «ራይምስ ላይክ ዳይምስ» ጄምስ ኢንግራም የዘፈነውን የኩዊንሲ ጆንስን የ1981 «ዋን ሃንድረድ ዌይስ» ይዟል። «ዘ ፋይነስት» ደግሞ ኤስ ኦ ኤስ ባንድ በ1986 ያወጣውን ዘፈን ስሙን እንኳ ሳይቀይር ወስዶታል። እነዚህ ሁሉ በጊዜው ያን ያህል ያረጁ አልነበሩም፤ አድማጩ ልጅ ሳለ በየቤቱ ሬዲዮ የሰማቸው የፍቅር ዘፈኖች ነበሩ።

ይህን የለሰለሰ ዜማ ወስዶ ግን አላሳመረውም። ሉፑ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚዞረው ቁራጭ፣ የሚቆረጥበት ቦታ በግልጽ ይሰማል፤ የዋናው ዘፋኝ ድምፅ ጫፍ አንዳንዴ ሳይጠረግ ቀርቶ ከራፑ ሥር ብቅ ይላል፤ ከበሮው ደረቅና ከባድ ሆኖ ከላይ ተጭኗል። ከስቲሊ ዳን «ብላክ ካው» የተሠራውን «ጋስ ድሮልስ»ን፣ ሎርድ ታሪክና ፒተር ገንዝ ከዚያው ዘፈን ወስደው በ1997 መጨረሻ ካወጡት የሬዲዮ ተወዳጅ ሥራ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስሙት። ምንጩ አንድ ነው። አንደኛው ለጭፈራ ይጋብዛል፤ የዱም ግን በዚያ ምቾት ላይ እምነት ያጣ ሰው የሠራው ሆኖ ይሰማኛል። የአልበሙ ኃይል ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ ጣፋጩ ዜማና ሻካራው አያያዝ ሳይታረቁ አብረው ይኖራሉ። ድምፁ ቢጠራና ቢስተካከል ኖሮ ዜማው ያሸንፍ ነበር፤ አልበሙም የተዋሳቸው ዘፈኖች ቅጂ ሆኖ ይቀር ነበር።

አንድ ቦታ ጠቁሙኝ ስላሉ፣ ከራፐሩ ከኤም ኤፍ ግሪም ጋር የሠራውን «ቲክ፣ ቲክ...»ን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ቢቱ፣ ማለትም ከራፑ ሥር ያለው ሙዚቃ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ከዚያ ደግሞ ይዘገያል፤ ሁለቱም ራፐሮች ሳይደናቀፉ ከፍጥነቱ ጋር ይሄዳሉ። በሂፕ ሆፕ ውስጥ ቢት ማለት የማይናወጥ ወለል ማለት በሆነበት፣ ወለሉን ራሱን ማንቀሳቀስ ትልቅ ድፍረት ነበር። መሣሪያው የተበላሸ ወይም ሸክላው የተጣመመ እንዲመስል ተደርጎ መሠራቱ ደግሞ ሻካራነቱ በአጋጣሚ የመጣ እንዳልሆነ ያስረዳኛል።

መልስ፤ ከ«ስንኝ ወዳድ»

ከላይ ስለ ቅንብሩ የተባለውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔን ግን ዓመታት ሙሉ ይዞ ያቆየኝ ግጥሙ ነው፤ ጠያቂያችንም ስለ ድምፁ ብዙ ብለው ስለ ቃሉ ምንም አለማለታቸው ወደዚያ ገና እየተጓዙ መሆናቸውን ይነግረኛል።

እኛ በአማርኛ ግጥም ያደግን ሰዎች ቤት የሚመታውን በስንኙ መጨረሻ መጠበቅ ለምደናል፤ ጆሯችን እዚያ ላይ ያርፋል። ዱምን በዚህ ልማድ ካደመጥነው ግማሹን እናጣለን፤ ምክንያቱም እሱ ሦስትና አራት ቀለማትን በአንድ ላይ አያይዞ ቤት ያስመታና፣ ያንኑ የድምፅ ሰንሰለት በስንኙ መካከልም፣ በሚቀጥለው ስንኝ መጀመሪያም ይዘረጋዋል። ሐሳቡ አንድ ቦታ ላይ ሲያልቅ ቤቱ ገና አላለቀም፤ ቤቱ ሲያልቅ ሐሳቡ ወደ ሌላ ተሻግሯል። ለዚህ ነው ድምፁ የተኛ የሚመስለው ሰው ውስጥ ውስጡን እንዲህ ያለ ፍጥነት ያለው። በወቅቱ ብዙ ራፐሮች ኃይላቸውን የሚያሳዩት ድምፃቸውን በማጉላት ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን እንደ ሰነፍ ሰው ዝቅ አድርጎ፣ ከከበሮው ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጉልበቱን ሁሉ በቃላቱ አሰላለፍ ላይ ያውለዋል።

ለምሳሌ የ«ዱምስዴይ»ን አዝማች እንውሰድ። ገጣሚው ስለራሱ መቃብር ይናገራል፤ የሞተው ወንድሙ ወደሄደበት እስኪመለስ ድረስ በመቃብሩ ላይ ምን እንደሚጻፍ ይነግረናል፤ ከዚያም ከተጻፈው በታች የሚሰፍረውን የመዝገብ ስሙን፣ ዱሚሌይ የሚለውን የቤተሰብ ስሙን፣ ይጠራል። ሌላው አልበም ሁሉ በጭምብል ስም የተሞላ ሆኖ ሳለ፣ እውነተኛ ስሙ የሚሰማው ስለ ሞት በሚናገርበት ቦታ ነው። ይህ ሁሉ በጥቂት ስንኞች ውስጥ ሲከናወን፣ ስለ ወንድሙ የሚናገረው ሐረግ ስለ መዝገብ ስሙ ከሚናገረው ጋር ቤት ይመታል፤ የቤተሰብ ስሙም በመቃብሩ ላይ ከሚጻፈው ጋር። ሐዘኑን የሚያስተሳስረው የቤት አመታቱ ነው፤ አንዲት የምሬት ቃል አልጨመረበትም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ አዝማች በሂፕ ሆፕ ውስጥ ጥቂት ነው።

አንዳንድ ወዳጆች የዱምን ግጥም ከሰምና ወርቅ ጋር ሲያነጻጽሩት እሰማለሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በሰምና ወርቅ የላይኛው ፍቺ የታችኛውን ይሸፍናል፤ አድማጩም ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ሲያገኝ ይደሰታል። ዱም ጋ ግን ሁለቱም ፍቺዎች አብዛኛውን ጊዜ እኩል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። «ራይምስ ላይክ ዳይምስ» ከርእሱ ጀምሮ ስንኝ መሸጥን በጎዳና ዕፅ ከመቸርቸር ጋር አስተካክሎ ያቀርባል፤ የተደበቀ ነገር የለውም። አድማጩን የሚያስደስተው ሁለቱን ንግዶች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያምታታ፣ አንዱን ለሌላው እያዋሰ፣ ሳይሰናከል እስከ መጨረሻው መጓዙ ነው። ስለዚህ ፍቺ ፍለጋ ሳይጨነቁ አስቀድመው የድምፁን ሰንሰለት ይከተሉ፤ ፍቺው በሁለተኛውና በሦስተኛው ማድመጥ ራሱ ይመጣል።

መልስ፤ ከ«ቀጥተኛ ጆሮ»

ይህን አልበም እወደዋለሁ፤ ስለምወደውም እንከን የለሽ ተደርጎ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ዱም ጥቅምት 31 ቀን 2020 ማረፉ በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን ከተነገረ ወዲህ፣ ሥራዎቹን በሚዛን የሚያይ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ሁሉም ነገር ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፣ ሁሉም ጉድለት ጥበብ ነው ይባላል።

እኔ የምሰማው እንደሚከተለው ነው። ከአሥራ ዘጠኙ ክፍሎች አምስቱ አጫጭር የንግግር ትዕይንቶች ናቸው። «ራይምስ ላይክ ዳይምስ» ራፑ ካለቀ በኋላ ቦቢቶ በሌላ ስሙ ገብቶ ለረጅም ጊዜ ያወራል፤ ዘፈኑ የተወልንን ስሜት ያን ያህል ንግግር ያደበዝዘዋል ብዬ አምናለሁ። በ«ሁ ዩ ቲንክ አይ ኤም?» ላይ በርካታ ጓደኞቹ ተራ በተራ ይገባሉ፤ ከመካከላቸው በዱም አጠገብ ቆሞ የማያንስ ጥቂት ነው። የጓደኝነቱን መንፈስ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ያ ዘፈን ሲመጣ የአልበሙ ግለት ይቀንሳል። ከበሮው በ«ሄይ!» ላይ ያለበትን ሁኔታም እንደ ጥበብ ለመቀበል እቸገራለሁ፤ ከካርቱን የተወሰደው ሙዚቃ ድንቅ ሆኖ ሳለ፣ ቅጂው ግን ደካማ ነው።

«ሸክላ ሰብሳቢ» ሻካራነቱ በሙሉ ምርጫ ነው ባይሉም ወደዚያ ያደላሉ። እኔ የምለው፣ ምርጫና እጥረት ተቀላቅለዋል፤ ጥሩ አድማጭም ሁለቱን መለየት ይችላል። «ቲክ፣ ቲክ...» ምርጫ ነው። የ«ሄይ!» ድምፅ እጥረት ነው። «ዱምስዴይ» ላይ ሁለቱ አንድ ሆነዋል፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚበልጠው ለዚህ ይሆናል።

የንግግር ትዕይንቶቹን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ለመመስከር እገደዳለሁ። ብዙዎቹ የተወሰዱት ዶክተር ዱም የተባለው ባለ ጭምብል ጠላት ከሚገኝበት ከፋንታስቲክ ፎር ካርቱን ነው፤ ዱም እነዚህን የካርቱን ንግግሮች ቆራርጦ ሲቀጥላቸው አዲስ ታሪክ ይወጣቸዋል። ይህን ዘዴ በኋላ በሠራቸው አልበሞች ላይ አሳድጎታል፤ እዚህ ላይ ግን ገና ሙከራ ነበር፤ ጠያቂያችንም ከ«ማድቪላኒ» ተነሥተው ሲመጡ ልዩነቱ የተሰማቸው ለዚህ ይመስለኛል።

መልስ፤ ከ«የኤለመንት ተማሪ»

«ቀጥተኛ ጆሮ» ያነሡት ነጥብ ተገቢ ነው፤ የ«ሄይ!»ን ነገር እኔም አልከራከርም። ነገር ግን ጠያቂያችን ያቀረቡት ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ታሪኩን ስለምናውቅ ነው ወይ የምንወደው የሚለው፣ ገና በቀጥታ አልተመለሰም። እኔ ታሪኩ ከአልበሙ ውጭ ያለ ማብራሪያ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም በአልበሙ ውስጥ በድምፅ እንደተቀመጠ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ዳንኤል ዱሚሌይ በ1971 ለንደን ተወልዶ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ያደገ ነው። ከታናሽ ወንድሙ ከሰብሮክ ጋር ኬ ኤም ዲ የተባለውን ቡድን መሠረቱ፤ እሱም በዚያን ጊዜ ዜቭ ላቭ ኤክስ ይባል ነበር። በ1989 ሰርድ ቤዝ በተባለው ቡድን ዘፈን ላይ ብቅ ብሎ ታወቀ፤ ኬ ኤም ዲም በ1991 በኤሌክትራ ኩባንያ በኩል «ሚስተር ሁድ» የተባለውን አልበም አወጡ። ያ አልበም ብሩህና ተጫዋች ነው፤ የወጣቶች ሥራ መሆኑ ይሰማል። ሁለተኛውን አልበም እየሠሩ ሳለ በ1993 ሰብሮክ ፈጣን መንገድ ሲያቋርጥ በመኪና ተገጭቶ ሞተ። ዱሚሌይ አልበሙን ብቻውን ጨረሰው፤ ኤሌክትራ ግን በ1994 በሽፋኑ ሥዕል ምክንያት ሳያወጣው ቀረ። ሥዕሉ ጥቁሮችን ለማዋረድ የተፈጠረውን አሮጌ የካርቱን ምስል በገመድ ተሰቅሎ የሚያሳይ ነበር፤ ዘረኝነትን ለመቃወም የተሳለውን ዘረኛ ነው ብለው ተቹት። በአንድ ጊዜ ወንድሙንም፣ ቡድኑንም፣ ኩባንያውንም ያጣ ሰው ከመድረክ ተሰወረ።

ወደ መድረክ የተመለሰው በማንሃተን በኑዮሪካን ፖየትስ ካፌ፣ ማንም ሰው ገብቶ በሚያቀርብበት ምሽት፣ ፊቱን በስስ ስቶኪንግ ሸፍኖ ነበር። የብረቱ ጭምብል የመጣው በኋላ ነው። የዶክተር ዱም ታሪክ ደግሞ ፊቱ ተጎድቶ ጭምብል የለበሰ፣ ዓለም በደለኝ የሚል ሊቅ ታሪክ ነው። ዱም ይህን ገጸ ባሕርይ የመረጠው ለጌጥ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን አልበሙን በሙሉ ሳደምጥ ሌላ ነገር እሰማለሁ። በራሱ ስምና በራሱ ፊት ቢቀርብ ኖሮ፣ አድማጩ የሚያየው ወንድሙ የሞተበትን፣ በኩባንያ የተባረረውን የቀድሞውን ዜቭ ላቭ ኤክስን ብቻ ይሆን ነበር፤ ሰዉም ያዝንለት ነበር። ክፉውን ሰው ሲጫወት ግን ማንም አያዝንለትም፤ በስንኙ ጥራት ብቻ ይመዘናል። ኀዘኑንም እሱ በፈለገው ቦታ፣ በፈለገው መጠን ብቻ ያወጣዋል።

የሚያወጣበት ቦታም ታስቦበት የተመረጠ ነው። አንደኛው «ስንኝ ወዳድ» የጠቀሱት የ«ዱምስዴይ» አዝማች ሲሆን የሚገኘው በአልበሙ መጀመሪያ ላይ ነው። ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት ያለው፣ ከራፐሩ ከኪዩሪየስ ጋር የሠራው፣ ርእሱም የጥያቄ ምልክት ብቻ የሆነው ዘፈን ነው። እባካችሁ የዚህን ዘፈን የዱምን ክፍል እስከ መጨረሻው ስሙት። ጨዋታውና ፉከራው ቀስ ብሎ ይቆምና በድንገት ለወንድሙ በቀጥታ መናገር ይጀምራል፤ በመንታነት ይጠራዋል። አብረው ስለሰገዱት ሶላት፣ አብረው ስለገዙት የቆዳ ልብስ፣ ወንድሙ ስላመጣው ጥቁር ሰማያዊ ጫማ፣ ለእሱ ለራሱ ስለነበሩት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው መነጽሮች፣ የወንድሙ ስም ስለተጻፈበት በሦስት ጣት ስለሚጠለቅ ቀለበት ያወራል። በመጨረሻም ሰብሮክ ጎራዴ ይዞ የተነሣውን ፎቶግራፍ እንደሚያስቀምጥ ነግሮት፣ ሁሉም በታቀደው መሠረት እየሄደ ነው ይለዋል።

ይህን ክፍል ለመረዳት አንድም የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። ሟችን በልብሱና በጫማው ማስታወስ፣ እኛ ሙሾ አውራጆች ሲያደርጉት የሰማነው ነገር ነው፤ ስለ ሰውየው ደግነት በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ የሚለብሰውን መጥራት የቀረውን ሰው አንጀት ይበላል። ዱም ይህን ያደረገው ድምፁን ሳይለውጥ፣ በዚያው በሻከረው አነጋገሩ፣ ቤት መምታቱንም ለአፍታ ሳያቋርጥ ነው። የመጨረሻው ቃሉም ለእኔ የአልበሙን ርእስ የሚፈታ ነው። «ኦፐሬሽን» የተባለው ዕቅድ ክፉው ሰው ዓለምን ለመግዛት ያወጣው ይመስለን ነበር፤ ለካ ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው የጀመሩት፣ የቀረው ለብቻው እየፈጸመው ያለ ዕቅድ ነው።

ስለዚህ ለጠያቂያችን የምመልሰው፣ ታሪኩን ስለምናውቅ ጉድለቱን ይቅር እያልን አይደለም የሚል ነው። ያን ኀዘን የነገረን አልበሙ ራሱ ነው፤ እኔም ስለ ሰብሮክ መጀመሪያ የሰማሁት ከዚህ ዘፈን እንጂ ከጋዜጣ አልነበረም። የጋዜጣውን ታሪክ የፈለግሁት ዘፈኑን ከሰማሁ በኋላ፣ ይህ ሰው የሚያወራው ለማን ነው ብዬ ነው።

መልስ፤ ከ«ስንኝ ወዳድ»

«የኤለመንት ተማሪ» ስለ ልብሱና ስለ ጫማው የተናገሩት ነገር አስተውዬው የማላውቀውን አሳየኝ። በዚያ ክፍል የዕቃዎቹ ስሞች ራሳቸው ቤት ይመታሉ፤ የጫማውና የመነጽሩ የፋብሪካ ስሞች እርስ በርሳቸው ተሰናስለዋል፤ የቀለበቱ ፈርጥም በወንድሙ ስም ውስጥ በየትኛው ፊደል ላይ እንደተቀመጠ እስከመናገር ይደርሳል። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያስታውሰው ቀለበቱን ብዙ ጊዜ ያየ ሰው ብቻ ነው፤ የቤት አመታቱ ጥንካሬም ትውስታው እንዳይበተን አጥብቆ ይይዘዋል።

መልስ፤ ከ«የሌሊት አድማጭ» (ጠያቂው)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተጠቆምሁት መሠረት አልበሙን እንደገና አዳመጥሁት። «ቲክ፣ ቲክ...» ላይ ፍጥነቱ ሲለወጥ ከዚህ በፊት ሳላስተውለው ማለፌ ገረመኝ፤ ዘፈኑ ምቾት የሚነሣኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። በጥያቄ ምልክት የተሰየመውንም ዘፈን እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ስለሱ ብዙ ለማለት ገና አልተዘጋጀሁም።

«ቀጥተኛ ጆሮ» ምርጫና እጥረት ተቀላቅለዋል ያሉትን እኔም እቀበላለሁ፤ እንዲያውም በዚያ ዓይን ማድመጥ ለአልበሙ ያለኝን አክብሮት ጨመረልኝ እንጂ አልቀነሰብኝም። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር፦ የትኛውን ቅጂ ብፈልግ ይሻለኛል? ከዚህ በኋላስ ወደ የትኛው ሥራው ልሂድ?

መልስ፤ ከ«ሸክላ ሰብሳቢ»

የ1999ኙ የፎንድል ኤም ሸክላ ዛሬ የሰብሳቢዎች ንብረት ስለሆነ እሱን አይፈልጉ። ፎንድል ኤም በ2001 ሥራውን ሲያቆም አልበሙ በዚያው ዓመት በሰብ ቨርስ በኩል እንደገና ታትሟል፤ በ2011 ደግሞ የዱም የራሱ ሜታል ፌስ አሳታሚ ያለ ራፕ የሚሰሙ ቢቶችንና ሌሎች ተጨማሪ ሥራዎችን አክሎ አውጥቶታል። ቢቶቹን ያለ ራፕ ለመስማት ከፈለጉ፣ በዚህ ውይይት ስለ ሉፖቹ አቆራረጥ የተባለውን ሁሉ ራስዎ መመርመር የሚችሉት በዚህ ነው፤ ስለዚህ የ2011ኙን እመክርዎታለሁ።

ቀጥሎ ምን ላድምጥ ላሉት፣ አስቀድመው ወደ ኋላ ተመልሰው የኬ ኤም ዲን «ሚስተር ሁድ» ይስሙ። ከዚያ አልበም ወደ «ኦፐሬሽን፦ ዱምስዴይ» ሲሻገሩ ያው ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ ድምፁ ምን ያህል እንደጎረነነና እንደከበደ ይሰማሉ፤ ይህን ምንም ዓይነት ጽሑፍ ሊተካው አይችልም። ከዚያ በኋላ በ2003 ከወጡት ሁለት ሥራዎቹ አንዱን ይምረጡ። ቅንብሩ የማረከዎት ከሆነ በኪንግ ጊዶራ ስም የሠራውን «ቴክ ሚ ቱ ዩር ሊደር»፣ ግጥሙ የማረከዎት ከሆነ ደግሞ በቪክቶር ቮን ስም፣ ቢቶቹን ለሌሎች ትቶ በራፑ ላይ ብቻ ያተኮረበትን «ቮድቪል ቪላን» ይያዙ። «ማድቪላኒ»ን ከእነዚህ በኋላ እንደገና ቢሰሙት መልካም ነው።